የገና ድራማው ከሰል

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ረድኤት ናት። ለዚህ ሁሉ ጣጣ ተጠያቂዋ እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ዛሬ ጠዋት ፉሉን እያማሰልኩ አንድ የማላውቀው ሰውዬ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ሐበሻ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንገቱ ላይ የመሥሪያ ቤት ባጅ።

"ካሳዬ የምትባይው አንቺ ነሽ?"

አዎ አልኩ።

"ፊት ስለሚያቀላ ክሬም የጻፍሽው?"

አዎ።

"ሚስቴ ከዚያ ወዲህ አኩርፋኛለች። ክሬሙን የገዛሁላት እኔ ነኝ እኮ..." ብሎ ሄደ። ፉል እንኳ አልበላም።

ታዲያ ጽሑፌን ፌስቡክ ላይ የሚያወጣው ማን ነው? ረድኤት። ኒምራ ታላታ ሰፈር ካለችው ቁርስ ቤቴ ትመጣለች፣ የጻፍኩትን በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፣ ትተይበዋለች፣ የጁባ ሐበሾች ገጽ ላይ በስሜ ታወጣዋለች። የእርዳታ ድርጅት ሥራዋም ይኸው ነው፣ ለፈረንጆቹ ጽሑፍ ማሳመር። እኔ ስልክ ላይ አላነብም። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ዓይኔን ያቃጥለኛል።

ፊደል የቆጠርኩት ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ ነው። ያውም እዚሁ ጁባ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ ሒሩት ከሥራ መልስ ለሴቶች በምታስተምረው ክፍል። ከዚያ በፊት ሰው ቤት ነበርኩ፣ አዲስ አበባ። ከአሶሳ ወዲያ ካለው መንደራችን በልጅነቴ አመጡኝ። የነሱን ልጆች ቦርሳ ተሸክሜ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር... በሩ ድረስ።

ሒሩት አንድ ቀን "ያያችሁትን ጻፉ" አለችን። ቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሠራተኛዋ ለምን ሁልጊዜ የኔን መልክ እንደምትይዝ ጻፍኩ። ረድኤት ሻይ እየጠጣች አነበበችው። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ማዘር፣ አንቺ እኮ ጉድ ነሽ! ይሄ መውጣት አለበት።" እሷ ናት የጀመረችው። አልኩ እኮ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሄድኩ፣ ባቄላና ዘይት ለመግዛት። አቧራው ለጉድ ነው። ሁለት የኛ ልጆች ሻርፕ ይመርጣሉ። ሳልፍ አንዷ ለሌላዋ፣ "ጥቁሯን አሳልፊያት። ቦርሳሽን ያዝ አድርጊ።"

ቆም አልኩ። "ቦርሳሽን አልፈልገውም፣ ልጄ። ዚፑም ተበላሽቷል" አልኳት። በአማርኛ።

ፊቷ ተለዋወጠ። ባለሱቁ ደግሞ በዐረብኛ "ሀቦባ፣ አንቺ ሐበሻ ነሽ እንዴ? አይመስልም!" ብሎ ሳቀ። ሀቦባ የሚሉት አያት ነው። ለሱም ለልጆቹም ሐበሻ አልመስልም። የት ልሂድ ታዲያ?

ማታ ጻፍኩት። "ጥቁሮቹ" እንላቸዋለን የዚህን አገር ሰዎች፣ በራሳቸው አገር። ኮሚኒቲ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ሳይቀር፣ "ጥቁሮቹ ግብር ጨመሩብን" ይላል። ያንን የሚለው ሰው መልኩን መስታወት ላይ አይቶት አያውቅም? የዘፈን ክሊፖቹንም አስገባሁበት። መቶ ልጃገረድ ይጨፍራል፣ አንዲት እንኳ እኔን የምትመስል የለችም። "አፍሪካ" የሚል ዘፈን ሲሆን ግን እኛን ፈልገው ያመጡናል፣ ጦር አስይዘው።

"ባሪያ" የሚለውንም ቃል ጻፍኩት። ሙሉውን። ሲሉኝ ሙሉውን ነው የሚሉኝ።

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

ረድኤት ወስዳ አወጣችው። ብዙ ሰው ወደደው አለች። ደስ አለኝ መሰለኝ... አዎ፣ ደስ ብሎኛል።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ። ገና

መሽቷል። ቢሆንም ሳልጽፍ አልተኛም።

ዘንድሮ ለበዓሉ እንግዳ ጠርተን ነበር። ከጎናችን ካለው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መጡ፣ የዚህ አገር ሰዎች። መሪያቸው ኡስታዝ ዋኒ ሽማግሌ አስተማሪ ነው፤ ኡስታዝ እዚህ መምህር ማለት ነው። አስተርጓሚዋ ሲና ናት። ሲና የነሱ ልጅ ናት፣ ግን አዲስ አበባ ነው ያደገችው። አማርኛዋ ከኔ ይጠራል። የወንዙ ወደብ ላይ ከጀልባ የሚወርድ ዕቃ ትቆጣጠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ እኔ ጋ ነው ራቷን የምትበላው። "ማማ" ነው የምትለኝ። ልጅ አልወለድኩም... እሷ አለች እላለሁ።

ወጣቶቹ ድራማ ሠሩ። ሦስት ሰይጣኖች ነበሩበት። ትልቁ ሰይጣን ስምኦን ነው፣ የረድኤት እጮኛ፣ ባንክ የሚሠራው። ደግ ልጅ ነው፤ ባየኝ ቁጥር ጄሪካኔን ይሸከምልኛል። ሦስቱም ፊታቸውን፣ አንገታቸውን፣ እጃቸውን ከሰል ተቀብተው ወጡ። እንዲያበራ ብለው በዘይት ለውሰውታል። ከንፈራቸው ቀይ። መላእክቱ ደግሞ ፊታቸው ላይ ፓውደር ነስንሰዋል።

አዲስ አበባም እንዲሁ ነው። በየዓመቱ ሰይጣን ከሰል ይቀባል። አይቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ። ግን ጁባ ላይ? እንግዶች ከፊት ወንበር ተቀምጠው?

ድራማው አለቀ። ቀጥሎ እንግዶቹ ሊዘምሩ ተነስተው ወደ መድረክ ወጡ። የሒሩት ልጅ ቲና፣ አራት ዓመቷ ነው፣ ወንበር ላይ ቆማ ጣቷን ቀሰረች።

"ማሚ! ሰይጣኖቹ ደግሞ መጡ!"

ልጅ ናት። ያየችውን ተናገረች። ሰይጣን ጥቁር ነው ብለን አሁን ገና አሳየናት፤ ገባት። በሷ አልፈርድም።

ግን ሰው ሳቀ። ሳቁ ከፊት ጀመረ፣ ወደ ኋላ መጣ፣ እኔ የተቀመጥኩበት ደረሰ። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ እየሳቀች ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

ኡስታዝ ዋኒ ወደ ሲና ዞሮ ምን እንደሚያስቀን በዐረብኛ ጠየቃት። እኔ ቅርብ ነበርኩ፣ ሰማሁ። ሲና ፈገግ አለች። "ልጅቷ ልብሳችሁን ወደደችው። አምሮባችኋል አለች" አለቻቸው።

ሽማግሌው ለቲና እጁን አወዛወዘላት። ከዚያ ዘመሩ። ጥሩ አድርገው ዘመሩ።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ቁርስ ቤቱን አልከፈትኩም። ስጽፍ ዋልኩ። ከሰሉን፣ ጣቷን፣ ሳቁን፣ የሲናን ውሸት። ሁሉንም። ሲና ስለ እኛ ብላ የገዛ ሰዎቿን ዋሸች፣ እንድትዋሽ ያደረግናት እኛ ነን፣ ብዬ ጻፍኩ።

ረድኤት አመሻሽ ላይ መጣች። ቆማ አነበበች።

"ማዘር... ቶኑ ትንሽ አልከረረም?"

"ምኑ?"

"አይ፣ ምንም።" ፎቶ አንስታ ሄደች።

ጥር 3፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። ሁሉ ተነስቶ አቀፈኝ! ፓስተር ጢሞቴዎስ ራሱ ከመድረክ ወርዶ ግንባሬን ሳመ። "እናታችን፣ ጽሑፍዎ ልባችንን ነካው።" ሒሩት ግን ዓይኔን አላየችም... ሰው እንዲህ ቶሎ ንስሐ ይገባል? ተሳስቼባቸው ኖሯል አልኩ። ወደ ቤት ስመለስ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ደስ ብሎኝ! የኔ ቂል።

አለባቸው የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው፣ ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ ነው ቁርሱ። ዛሬ እያላመጠ፣ "ማዘር፣ የገናውን አነበብኩት። ጣፋጭ ነው። አንቺ እንዲህ ለስላሳ መሆንሽን አላውቅም ነበር" አለኝ።

ለስላሳ? አንብብልኝ አልኩት። ጣቱን ጠራርጎ ስልኩን አወጣ።

"'በገና በዓላችን የአንዲት ሕፃን የዋህ ንግግር ሁላችንንም ፈገግ አሰኘን። እንግዶቻችንም በደስታ ተቀበሉት። መልካችን ቢለያይም በፍቅር አንድ ነን...'"

"ያ የኔ አይደለም።"

"ስምሽ አለበት እኮ። ይኸው፣ ካሳዬ።"

ከሰሉ የለም። ሳቁ "ፈገግታ" ሆኗል። ሲና "ምስጋናችንን አስተላለፈች" ይላል።

የበፊቶቹን አንብብልኝ አልኩት። ሥራ ይረፍድብኛል እያለም አነበበልኝ፣ ፊቴን አይቶ። ስለ ክሬሙ፣ ስለ ድራማዋ ሠራተኛ፣ ስለ "ጥቁሮቹ"... ሁሉም ተለቅሟል። እሾሁ ሁሉ ወጥቷል። ባሪያ ያልኩት "ደስ የማይል ቃል" ተብሏል። ሊቀመንበሩ ጭራሽ የለም። የማላውቀው ሰው መጥቶ የተቆጣኝ እንኳ በራሴ ቃል አልነበረም።

"ማዘር፣ ውሃ ልስጥሽ?" አለ አለባቸው።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ረድኤት መጣች። ሻይ አልቀዳሁላትም።

"ማዘር፣ እኔ ባላለሳልሰው ኖሮ ገጹን ይዘጉት ነበር።"

"ይዝጉታ።"

"ሰው ይጠላሽ ነበር።"

"አሁን የሚወዱት ማንን ነው?"

ከዚያ እውነቱ መጣ። "የጻፍሽውን ብነግረው ስምኦን ምግብ አስጠልቶታል። ሰው በሱ ላይ እንዲነሳ ነው የምትፈልጊው? አላወቀም እኮ! ከሰል ነው የተቀባው እንጂ ሰው አልሰደበም..."

"ከሰል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፉል የምቀቅልበት ነው።"

"እኔ እወድሻለሁ፣ ማዘር።"

ትወደኛለች። አውቃለሁ። አዲስ አበባ ያሳደጉኝም ይወዱኝ ነበር። ንግግሬን ያርሙ ነበር፣ ፀጉሬን ይቆርጡ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ግቢ ይሉኝ ነበር። በፍቅር።

ሂጂ አልኳት።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ፓስተሩ መጣ። የዛሬ ሳምንት እሑድ እንግዶቹን ድጋሚ ጠርቷቸዋል፣ የፍቅር ቀን ብሎ። ጽሑፉን እኔ ራሴ ማይክ ይዤ እንዳነብላቸው ይፈልጋል። ሲና ትተረጉማለች።

"ለዓይንዎ እንዲመች አስተልቄ አሳትሜዋለሁ" ብሎ ወረቀት ሰጠኝ።

እውነትም ትልልቅ ፊደል ነው። በሕይወቴ ለዓይኔ ያሰበልኝ ሰው የለም። ያሰበልኝ ደግሞ ያልጻፍኩትን እንዳነብ ነው።

"የኔን ባነብስ?" አልኩት።

"ያው የእርስዎ አይደል እንዴ?" አለኝ። የምሩን ነው። አያውቅም። ልንገረው? አልነገርኩትም። አነበዋለሁ ብዬ ብቻ ሸኘሁት።

የቱን እንደማነብ እኔ አውቃለሁ። ጽሑፌ አንዴ እንኳ፣ አንድ ፊደል ሳይነሳለት፣ ከነስሜ መሰማት አለበት። ሌላ ነገር አልፈልግም። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ነው የተናገረልኝ።

ሲና ዛሬ ራት አልመጣችም፣ ጀልባ ገብቶ። ሳልነግራት ማንበብ ግን ደግ አይደለም።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ወደብ ሄድኩ። ሲና ከጆንያ ክምር አጠገብ ነበረች፣ ተሸካሚዎቹ ላይ እየጮኸች። ስታየኝ ሳቀች። "ማማ! ማን ሞተ?"

ጥላ ሥር ወስጄ አነበብኩላት። የሷ ቦታ ላይ ስደርስ ሳቋ ጠፋ።

"ይሄንን እሑድ ልታነቢው ነው? እኔው እየተረጎምኩ?"

"ውሸቱ የኛ ጥፋት ነው ነው የምለው።"

"ማማ፣ ስሚኝ። እናቴ አማርኛ አታውቅም ነበር። አዲስ አበባ ተከራይተን ስንኖር ባለቤቶቹ የሚሏትን እኔ ነበርኩ የምተረጉምላት። የሚሏትን ብነግራት በነጋታው ሜዳ ላይ ነበርን። እያጣፈጥኩላት ነው ያደግኩት። አንቺ ውሸት ትይዋለሽ።" ዓይኗ ሞላ። "ስለ ሳቁ አንብቢ። ስለ ከሰሉም። እኔን ግን አውጪኝ። ኡስታዝ ዋኒ እንደ አባቴ ነው።"

"አንቺን ካወጣሁ ከረድኤት በምን ተለየሁ?"

"ረድኤት አልጠየቀችሽም። እኔ ግን እየለመንኩሽ ነው።"

ተቆጣሁ። "አስቤበት" ብያት ተነሳሁ። ደህና ዋይ እንኳ አላልኳትም።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ሁለቱም ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አንዱ ትልልቅ ፊደል፣ አንዱ የኔ እጅ። ከኔው ላይ እነዚያን መስመሮች ልሰርዝ እስክሪብቶ አነሳሁ። አስቀመጥኩት። ደግሞ አነሳሁት... ፉሉ አረረ።

ጥር 17፣ እሑድ

አነበብኩ።

አዳራሹ ሞልቷል። እንግዶቹ ከፊት ወንበር። ሲና ማይክ ይዛ ከጎኔ ቆመች። የፓስተሩን ወረቀት ወንበሬ ላይ ትቼ የራሴን ይዤ ነው የወጣሁት። ሲና እጄ ላይ ያለውን አየችና ዓይኔን አየችኝ። አውጥተሽኛል? ነው የምትለው። እኔ ወደ ወረቀቱ አቀረቀርኩ።

ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ከሰሉን አነበብኩ። ሲና ተረጎመች። የልጅቷ ጣት ጋ ስደርስ ሒሩት ቲናን አንስታ ይዛ ወጣች። ሲና ተረጎመች። ሳቁን አነበብኩ። ማንም አልሳቀም። ረድኤት ፊቷን በእጇ ሸፍናለች።

ከዚያ የሲና መስመር ደረሰ። ማለፍ እችል ነበር። መዝለል ምን ይከብዳል? ማን ያውቅብኛል?

አነበብኩት። "አስተርጓሚያችን ስለ እኛ ብላ የገዛ ሰዎቿን ዋሸች።"

ሲና አልተረጎመችውም። ፓስተሩ "እኅት ሲና?" አላት። ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ኡስታዝ ዋኒን እያየች በዐረብኛ፣ "የዚያን ቀን ዋሽቼያችኋለሁ። ልብሳችሁን አይደለም ያለችው" አለች። ማይኩን መድረኩ ላይ አስቀምጣ ወርዳ ተቀመጠች።

ኡስታዝ ዋኒ ተነሳ። ሲና ስላቀረቀረች እኔ ተረጎምኩ። የኔ ዐረብኛ ለገበያ ክርክር እንጂ ለዚህ አልተሠራም። ቢሆንም ሁሉም ገባኝ።

"የዚያን ቀንም ገብቶናል" አለ። "ሰይጣን በእኛም ቋንቋ ያው ሰይጣን ነው። ባይሆንም ጣት አስተርጓሚ አይፈልግም። ልጃችን እንዳይከፋን ስትሸፍንልን አየናት። እንዳታፍር ብለን ዘመርን። እሷ እኛን ጠበቀች፣ እኛም እሷን።" መዘምራኑን ዞር ብሎ አያቸው። "አሁን ግን በማይክ ተነገረ። በማይክ ከተነገረ በኋላ እንዳልሰማ ሰው ሆነን እዚህ መዘመር አንችልም።"

ስምኦን ከኋላ ተነስቶ መጣ። ፊቱ በላብ ርሷል። "ይቅርታ... እኔ ነኝ ሰይጣን የሆንኩት" አለ። ተረጎምኩ። ሽማግሌው እጁን ያዘው፣ በሁለት እጁ። ከዚያ ሁሉም ተነስተው ወጡ። በትሕትና፣ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዳችንን እየጨበጡ። እኔንም ጨበጡኝ። ሲናም አብራቸው ወጣች። እሷ አልጨበጠችኝም።

ጥር 25፣ ሰኞ

ነገሩ እንዲህ ሆኗል።

ፓስተሩ ከእንግዲህ ማንም ከሰል ተቀብቶ መድረክ አይወጣም ብሎ አስታወቀ። ጥሩ። ረድኤት ሳልጠይቃት ጽሑፌን እንዳለ አወጣችው፣ አንድ ቃል ሳትነካ። አለባቸው አረጋግጦልኛል። ጀግና ይሉኛል አሉ፣ ከማላውቀው አገር ሁሉ። ባሪያ ያሉኝም አሉ፣ ሙሉውን። የፈለግኩትን አገኘሁ።

ከዚያ ከወደቡ ቀን ወዲህ ሁለት ቅዳሜ አለፈ፣ ሲና አልመጣችም። ሁለቱንም ቀን ለሁለት ሰው ሠርቼ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወደብ ሄድኩ። ወረቀት ይዛ ዕቃ ትቆጥራለች። "ሲናዬ" አልኳት።

"ሥራ ላይ ነኝ፣ እትዬ ካሳዬ" አለችኝ። ሳትቆጣ። እንደ ማንኛውም ሰው።

እትዬ።

ቤት ገብቼ ጽሑፌን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ውሸት የለበትም፣ የምመልሰው ቃል የለኝም። ያ ሳቅ መነገር ነበረበት። ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ እኔ የለሁበትም። ኡስታዝ ዋኒ አለ፣ መዘምራኑ አሉ፣ ሲና አለች፣ ከነውሸቷ። ያን ቀን ከሁሉ በፊት የቆሰልኩት እኔ ነበርኩ፣ ስለዚያ ግን አንድ መስመር የለም። በፊት በጻፍኳቸውም የኔን መልክ እንጂ የኔን ቁስል አልጻፍኩም። የቴሌቪዥኗ ሠራተኛ፣ ክሬም የተቀባችው ሚስት፣ የኮንዮ ኮንዮ ሰዎች... ሁልጊዜ ሌላ ሰው። ለምን? እኔን ቢያዩኝ ያፍሩብኛል ብዬ? ወይስ አፍሬ?

ረድኤት ቃሌን ወሰደች፤ አልማርኳትም። እኔ ደግሞ ሲና የደበቀችውን ወሰድኩ፣ እየለመነችኝ።

መጻፍ አልተውም። ለማንም ብዬ አላለሳልስም። ግን ከእንግዲህ የራሴን ቁስል በሌላ ሰው ገላ ላይ አላሳይም።